ውሃው በ94 ዲግሪ ከፈላ 94 ብላችሁ ጻፉ

ሐዋሳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች ረቂቃቸውን ያሳዩኛል። አንዱ ፊዚክስ፣ ሌላዋ የሕፃናት ባሕርይ፣ ሌላዋ ደግሞ የሸማቾች ሥነ ልቦና ታጠናለች። ዘርፉ ይለያይ እንጂ ስህተቱ ይመሳሰላል። መልሱን ቀድመው ይወዱትና ዳታው እንዲስማማላቸው ይጠብቃሉ።

አንደኛው ስህተት መጽሐፉ የሚለውን ቁጥር መጻፍ ነው። አንድ ልጅ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት ለክቶ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ብሎ አመጣልኝ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብተርህን አምጣ አልኩት። ሦስቴ 94 ጽፎ ሦስቱንም ሰርዟል። “ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎኝ ነው” አለኝ። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። ትክክለኛውን ውጤት በእጁ ይዞ ነው የጣለው። በጣም አሳዘነኝ።

ያልጠበቃችሁት ቁጥር ሲመጣ መዝግቡት። መሣሪያውን ፈትሹ፤ ሌላ ሰውም ይለካ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ቡድን ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ቀድመው ደረሱ የሚል ውጤት አገኘ። ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም ስለሚባል ማንም ያልጠበቀው ነበር። ይፋ አውጥቶ “ፈትሹልን” አለ። በኋላ ዋናው ችግር በደንብ ያልገባ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ቢሳሳቱም እኔ አከብራቸዋለሁ።

አንዴ ለክቶ መተውም አለ። 1 ሜትር ክር ያለው ፔንዱለም (ክር ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እጃችሁ የሰከንድ መለኪያውን (ስቶፕዎች) ሲጫን በ0.2 ሰከንድ ከዘገየ 10 በመቶ ተሳሳታችሁ። የመሬት ስበትን ስታሰሉ ደግሞ ጊዜው ከራሱ ጋር ስለሚባዛ ስህተቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። 20 ምልልስ ለክታችሁ ለ20 አካፍሉ፤ የጊዜው ስህተት ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል።

ሰው ስታጠኑ ግን ከእጅ መዘግየት የባሰው ይሉኝታ ነው። አንዲት ተማሪ የዓሣ ገዢዎችን እርካታ ልታጠና ሐዋሳ ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። መጠይቁን የምታስሞላው ሻጩ አጠገብ ቆማ ነው። “በጥራቱ ረክተዋል?” አለቻቸው አንዲትን እናት። እሳቸው ሻጩን ቀና ብለው አዩና “ተመስገን፣ ጥሩ ነው” አሉ። ጥቂት እርምጃ ራቅ እንዳልን “የኔ ልጅ፣ የትናንቱ እንኳ ሽታ ነበረው” አሉን። ወረቀቱ ላይ ግን “በጣም ረክቻለሁ” የሚለው ተጠቁሯል!

ስለዚህ ከሻጩ ራቁ። “ረክተዋል?” ከማለት “ባለፈው ሳምንት ስንቴ ገዙ? ከማን?” በሉ። ደግሞም አሞራ ገደል የምታገኙት ዛሬም የሚገዛውን ነው። ተማርሮ የቀረውን ሰው እዚያ አታገኙትም፤ ሰፈር ወርዳችሁ ፈልጉት። ከውጭ የመጣ መጠይቅ እንዳለ ተርጉሞ መበተንም ይቅር። መጀመሪያ ዐሥር ሰው ላይ ሞክሩት፤ ቤቱ ሲዳሙ አፎ ለሚያወራ ሰው በቋንቋው ጠይቁት።

የመጨረሻው፣ አብሮ የታየን ሁሉ መንስኤ ማድረግ ነው። ዋልተር ሚሼል ስታንፎርድ ውስጥ የጀመረውን የማርሽማሎው ሙከራ ብዙዎች ያውቁታል፤ ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ (ማርሽማሎው) ይቀመጣል፣ አዋቂው እስኪመለስ ሳይበላ ከታገሠ ሁለት ያገኛል። ከዚያ በመነሳት “የታገሠ ልጅ ነገው የተቃና ነው” ተባለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ወደ 900 በሚጠጉ ልጆች ላይ ሲታይ፣ የቤተሰብ ኑሮ ከግምት ሲገባ ግንኙነቱ በጣም ሳሳ። በዚያው አቆጣጠር በ2013 በወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ አዋቂው ቃሉን የጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ቆዩ፤ ያጠፈባቸው 3 ደቂቃ ብቻ። “ነገ እገዛልሃለሁ” እየተባለ የማይገዛለት ልጅ ከረሜላውን ወዲያው ቢጎርስ ምን ይፈረድበታል?

ይህን የተረዳች አንዲት ተማሪ ባለፈው ዓመት መዋለ ሕፃናት ገብታ ነበር። የወላጆችን ፈቃድ በጽሑፍ ከያዘች በኋላ ለልጆቹ ሁሉ “ነገ ከለር አመጣላችኋለሁ” አለቻቸው። በማግስቱ ይዛ ሄደች። ሙከራውን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።