ከትዳር ጓደኛ ጋር ከሰዓት በኋላ በግልገል ጊቤ ዳር ዓሣ ማጥመድ

ለጅማ ሰው ባሕሩ ሩቅ፣ ግልገል ጊቤ ግን ቅርብ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ሰፊ ሐይቅ ስለፈጠረ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ሰርቦን አልፈው ወደ አሰንዳቦ የሚያቀኑ ባልና ሚስት ሩቅ ሳይጓዙ መንጠቆ መጣል ይችላሉ።

የባሕር አጥማጅ በየዕለቱ የሚሞላውንና የሚጎድለውን ውኃ ተከታትሎ ይወጣል፤ የእኛ ሐይቅ ግን ሞልቶ የሚጎድለው በወራት ነው። ክረምቱ እንደወጣ ውኃው እስከ ሣሩ ስለሚደርስ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ በደረቅ መሬት ላይ ተቀምጦ ማጥመድ ይቻላል። በበጋው መጨረሻ ውኃው ሸሽቶ የሚተወው ጭቃ እግርን ይዞ ስለሚያስቀር በዚያን ጊዜ መሄድን አልመክርም።

ለሁለት ሰው ሁለት ዘንግ ይያዙ። እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያው ጉዟችን አንድ ዘንግ ብቻ ይዘን ሄደን፣ ተራ ስንጠባበቅ ተኳርፈን ተመልሰናል። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ቀርከሃ፣ የዚያኑ ያህል የናይለን ክር፣ ክሩን የሚያሰምጥ ትንሽ የእርሳስ ብረት፣ የጠርሙስ ቡሽና አነስተኛ መንጠቆ ይበቃል። ቡሹን ከመንጠቆው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሰሩ፤ ዓሣ ካልነካው ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት። ለማጥመጃ ከጓሮ ቡና ሥር ካለው እርጥብ አፈር የሚወጣ ትል ወይም ጠንከር ብሎ የተቦካ የስንዴ ሊጥ ይሆናል። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አፉ ትንሽ ስለሆነ ሊጡ ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ።

ከ9 ሰዓት በፊት ቦታ ይያዙ። ጥላዎ ውኃው ላይ እንዳያርፍ ፊትዎን ወደ ፀሐይ አዙረው ይቀመጡ፤ ክሮቹ እንዳይጠላለፉም በመካከላችሁ አሥር እርምጃ ያህል ይኑር። ዓሣን ከወሬ ይልቅ የሚያስደነግጠው የእግር ኮቴ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት እንዳሻቸው ቢጨዋወቱ ችግር የለውም፤ እየተነሡ መመላለስ ግን ዓሣውን ያባርራል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ቡሹን መመልከት ነው። ቆሮሶ ማጥመጃውን መጀመሪያ ስለሚነካካው ቡሹ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ሁሉ ዘንጉን እየመነጨቀ ሊጡን ለውኃው ሲገብር ውሏል። ቡሹ ዘንበል ብሎ ወደ ጎን ሲንሸራተት ወይም ጨርሶ ሲሰምጥ ብቻ ዘንጉን በእጅ አንጓ ቀልጠፍ አድርገው ከፍ ያድርጉ።

የያዙትን ዓሣ እጅዎን ካረጠቡ በኋላ ከራሱ ወደ ጅራቱ እየዳበሱ የጀርባውን እሾህ አስተኝተው ይጨብጡት፤ በተቃራኒው የጨበጠ ሰው መዳፉ ይወጋል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ፣ መንጠቆውን ሲያወጡ ከአፏ ፍሬ መሰል ነገር ወይም ደቃቅ ዓሣዎች ቢፈስሱ ወዲያውኑ ወደ ውኃው ይመልሷት። ባለቤቴ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የታመመች መስሎት ነበር።

ወደ ውኃው አይግቡ፤ ቢልሃርዚያ የሚይዘው ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ ውስጥ እግርን በመንከር ነው። የአካባቢው አጥማጆች መረብ የዘረጉበትን ቦታ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ከግድቡ ግንብም ይራቁ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣና የወባ ትንኝም መንቀሳቀስ ስለምትጀምር፣ ዓሣው ገና እየበላ ቢሆን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃዎን ይሰብስቡ። በዚህ ሰዓት «አንድ ብቻ ልጨምር» የሚል አይጠፋም፤ የሚሻለው መቼ እንደሚነሡ ከቤት ሳይወጡ መስማማት ነው።

ዓሣውን እዚያው ሆዱን ቀደው ያጽዱት፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ወይም በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ቤት ሲደርሱ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ፍቀው፣ ጎንና ጎኑን ሦስት ቦታ ሰንጥቀው ጨው ይነስንሱበት፤ አንዳችሁ ዘይቱን ስታግሉ ሌላችሁ አዋዜውን በጥብጡ።