የሳንገርን ሕይወት በወረቀት ቁራጭና በእርድ ማስተማር

እናቴ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። መብራት ሲጠፋ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ዙሪያዋን እርጥብ ጨርቅ ባለበሰቻት ትንሽ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ስጨነቅ ካየችኝ «አብሽሪ ልጄ፣ ይቆያል» ትለኛለች። እኔ ሐይቅ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ባዮኬሚስቱ ፍሬድሪክ ሳንገር ለተማሪዎቼ ስነግር የምጀምረው ከዚያ ብልቃጥ ነው። የሳይንስ ክበብ ለያዛችሁ ወይም ፕሮቲንን ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ አካሄዴን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሳስተምረው ተሳስቼ ነበር። ሰሌዳው ላይ ደረደርኩት፤ በ1918 እንግሊዝ አገር ተወለደ፣ ካምብሪጅ ተማረ፣ በ1958 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ፣ በ1980 በዚያው በኬሚስትሪ ደገመ። ልጆቹ ገለበጡ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ግን ምን ሠርቶ ነው?» አለችኝ። መልሴ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልሞላም፤ ያን ቀን አፍሬ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ሽልማቱን የማነሳው ልጆቹ ሥራውን በእጃቸው ከሞከሩት በኋላ ነው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ጀርባው ያልተጻፈበት የፈተና ወረቀት፣ መቀስ፣ ክር፣ እርሳስ፣ ጥጥ፣ እርድና ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ሲኒ አልኮል በጥብጡና እስኪጠል ተዉት፤ ላይ ላዩ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። አልኮል ነውና ከሰልና ክብሪት አጠገብ አይበጥበጥ።

አሁን ወረቀቱን በረጅሙ ሸንሽኑ። በአንዱ ሸንሸል (ረጅም ቁራጭ) ላይ ይህን መንገድ ጻፉ፤ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ስሪንቃ፣ ወልድያ፣ ቆቦ። በሌላው ላይ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ። ለየቡድኑ ከሁለቱም ሦስት ሦስት ቅጂ ይድረስ። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይፈሳል። (እኔ ይህን ያወቅሁት ወረቀት አበላሽቼ ነው። የፈሰሰው ቀለም ግን ወረቀቱ ላይ እየተጓዘ ሲለያይ ስላየሁ፣ አሁን አንድ ወረቀት ሆን ብዬ አበላሽቼ አሳያቸዋለሁ። ሳንገር የኢንሱሊኑን ቁርጥራጮች ከለየባቸው መንገዶች አንዱ እንዲሁ በወረቀት ላይ ፈሳሽ ማስጓዝ ነበር።)

ሁለቱን ሸንሸሎች በክር አሥራችሁ፣ ጠቅልላችሁ ለየቡድኑ ስጡ። ጥቅልሉ ኢንሱሊን የሚባለው ፕሮቲን ነው፣ ከተሞቹ ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው በሉ። ሳንገር በ1943 የዶክትሬት ትምህርቱን እንደጨረሰ የተሰጠው እንዲህ ያለ ጥቅልል ነበር፤ ከከብት ጣፊያ የወጣ ኢንሱሊን። ለሕሙማን መሰጠት ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል፣ አወቃቀሩን ግን ማንም አያውቅም። ፕሮቲን ቁርጥ ያለ ቅደም ተከተል እንዳለው እንኳ ያኔ ሁሉም አላመነም ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ የሰንሰለቱን ራስ፣ ማለትም የሚጀምርበትን ጫፍ፣ መፈለግ ነው። አንዱ ቡድን ከየሸንሸሉ አንድ ቅጂ ወስዶ የመጀመሪያውን ከተማ በጥጥ እርድ ይቀባ፤ ከዚያ ከተማ ከተማውን ለየብቻ ቆርጦ፣ ደባልቆ ለሌላው ቡድን ይስጥ። ተቀባዩ 12 ቁራጭ ያገኛል፣ ቢጫው ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ደሴና ከሚሴ። ራሱ ሁለት ከሆነ ሰንሰለቱም ሁለት ነው። ሳንገር እርድ አልነበረውም፤ ዳይናይትሮፍሎሮቤንዚን የሚባል ኬሚካል ነው የተጠቀመው። የሰንሰለቱን ነፃ ጫፍ ይዞ ቢጫ ያደርገዋል፣ ፕሮቲኑ በአሲድ ሲበጣጠስም አይለቅም። ቢጫ ሆነው የቀሩት ግላይሲንና ፊኒላላኒን ነበሩ። ኢንሱሊን ሁለት ዓይነት ሰንሰለት እንዳለው የታወቀው በዚህ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ልጆቹ «ሁለት ነው!» ብለው ራሳቸው እስኪሉት ጠብቁ።

ቀጥሎ መቆራረጥ። ከቀሩት ቅጂዎች አንዱ አራትና ከዚያ በላይ ፊደል ካለው ከተማ በኋላ ብቻ ይቆረጥ፤ ሌላው ሦስት ፊደል ካለው በኋላ ብቻ። ይህ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ሥራ ነው፤ ትሪፕሲን የሚባለው ኢንዛይም የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን ከሚባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ እንጂ ያገኘበት ቦታ አይደለም። ቁራጮቹን ደባልቃችሁ ስጡ፣ ያኛው ቡድን ይገጣጥም። ከመጀመሪያው «መርሳ፣ ስሪንቃ» የሚል ቁራጭ ይወጣል፣ ከሁለተኛው «ውርጌሳ፣ መርሳ» እና «ስሪንቃ፣ ወልድያ፣ ቆቦ»። የጋራውን ስም እየያዙ ሲያነባብሯቸው መንገዱ ይቀጥላል። አንድ ዓመት ሁሉንም ቅጂ በአንድ ሕግ አስቆርጬ ነበር፤ ጫፍና ጫፉን የሚያያይዝ ቁራጭ ስለጠፋ ክፍለ ጊዜው አለቀብን። በሁለት ሕግ መቆረጡን አትርሱ።

የሚያውቁትን መንገድ የመረጥኩት ልጆቹ ስህተታቸውን ራሳቸው እንዲያርሙ ነው። ውጫሌን ከመርሳ በኋላ ያደረገ ቡድን ከጎኑ ያለው ጓደኛው ዝም አይለውም። እጃቸው ሲለምድ እውነተኛውን ስጧቸው፤ አንደኛው ሰንሰለት የሚጀምረው በግላይሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ግሉታሚን፣ ሲስቴይን፣ ሲስቴይን ነው። ይህን አስቀድመው ስለማያውቁት እገዛ የሚሆናቸው የጋራው ቁራጭ ብቻ ነው። ሳንገር እንዲህ እያለ 30 አሚኖ አሲድ ያለውን ሰንሰለት በ1951፣ 21 ያለውን በ1953 ጨረሰ። ሲደመር 51። ቢጫው ቁራጭ ላይ በእርሳስ 51 ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ።

ክሩ ይቀራል። ደሴና ኮምቦልቻን የሐረጎ መንገድ እንደሚያገናኛቸው፣ ሁለቱን ሰንሰለቶች የድኝ ድልድይ ያገናኛቸዋል። ድልድዮቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ሰንሰለት ከሰንሰለት ያያይዛሉ፣ አንዱ እዚያው በአጭሩ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ሳንገርን እስከ 1955 አቆይቶታል፤ ድኞቹ ጠንካራ አሲድ ውስጥ ሲገቡ ጥንዳቸውን ስለሚለዋወጡ የሚያየው ሁሉ ያሳስተው ነበር። አንዱን ቡድን ክሩን በጥሶ በተሳሳተ ከተማ ላይ እንዲያስር አድርጉት፤ ያኔ ይገባቸዋል።

የ1958ን ኖቤል አሁን ንገሯቸው። 12 ዓመት አንድ ጥቅልል ሲፈታ የኖረ ሰው መሆኑን አይተዋልና ሽልማቱ ባዶ ስም አይሆንባቸውም። ሁለተኛውን እኔ በአጭሩ ነው የማልፈው፤ ለዲኤንኤ (የዘር መረጃ ለሚይዘው ሞለኪውል) ፊደላት ንባብ በ1977 ያወጣው ዘዴ ነው፣ የራሱን ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ሰውዬው ደግሞ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ወላጆቹን ገና በወጣትነቱ አጥቷል። ጦርነትን በሚቃወመው በኩዌከር የክርስትና እምነት አድጎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ አላነሳም አለ። «ሰር» ተብሎ መጠራት ስላልፈለገ የንግሥቲቱን የባላባት ማዕረግ አልተቀበለም። በ1983 ጡረታ ወጥቶ አትክልቱን እየኮተኮተ ኖረ፣ በ2013 አረፈ። አትክልቱን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ጓሮ የሚኮተኩቱ ናቸው።

መጨረሻ ላይ የእናቴን ባዶ ብልቃጥ አዞርላቸዋለሁ፤ መርፌ ግን ክፍል ውስጥ አይግባ። የከብት ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ፣ የአሳማ ደግሞ በአንድ መሆኑን ጨምሩላቸው፤ ለዚያ ነው ለብዙ ዓመት የሰው ሕይወት ያቆየው።

ሸንሸሎቹን ለሚቀጥለው ክፍል ካቆያችኋቸው ደብተር ውስጥ አድርጉ። እርድ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደበዝዛል፣ ቢጫው ከጠፋ ደግሞ ራሱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም።