ካርቱን ከአያት ጋር እንዴት ይታያል

ባለፈው ክረምት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ደሴ ዝናብ በዝናብ ሆና ነበር፣ ልጄም ካርቱን ስታይ ዋለች። ማታ እናቴ ከሶላት ተነስታ ምርኩዟን ይዛ ስትገባ ልጅቷ ቀና አለችና «እማማ፣ አንቺም መርዝ አለሽ?» አለቻት። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ያየችው በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራውን «ስኖው ዋይት» ነበር። እዚያ ላይ ንግሥቲቱ መጀመሪያ ቆንጆ ናት፣ የተመረዘውን ፖም ይዛ ልትሄድ ስትል ነው አሮጊት የምትሆነው። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ ፊልሙን አቁሙና ጠይቁ፦ «ክፉ የሆነችው መቼ ነው? አሁን ነው ወይስ ቆንጆ እያለችም?» የኔዋ ትንሽ አሰበችና «ድሮም!» አለች። ስብከት አያስፈልግም፣ ቀጥሉ።

ከተቻለ ፊልሙን ቀድማችሁ እዩት። ሽማግሌው ስም አለው? የሚፈልገው ነገርስ? ወይስ ጆሮው አይሰማም ተብሎ ሊሳቅበት ብቻ ነው የገባው? ጥበበኛ ተብሎ የመጣውንም ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ብዙ ጊዜ ለጀግናው ምክር ሰጥቶ ይሞታል፣ የራሱ ጉዳይ የለውም። የኛ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮች እንኳ ደም አስታርቀው ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው፣ ወደ እርሻቸው ነው የሚመለሱት።

ለመጀመሪያ «አፕ»ን ምረጡ፣ የ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ካርል 78 ዓመቱ ነው፣ ነጭናጫ ነው፣ ግን ለምን እንደሆነ ገና ሲጀመር እናያለን፦ ሚስቱ ሞታበታለች። «ኮኮ» ላይ ደግሞ ቅድመ አያትየዋ ወንበሯ ላይ ዝም ብላለች፤ የቤተሰቡ ትዝታ የቀረው ግን እሷ ጋ ነው።

ዋናው ዘዴ ግን ቡና ነው። መብራት ካለ፣ ቡናው ሲቆላ ፊልሙን ክፈቱ፣ አያትየዋን መሀል አስቀምጡ። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ስለዚህ ልጅቷ ናት የምታስተረጉምላት፣ ስታስተረጉም ደግሞ ሰውዬው ለምን እንደተቆጣ፣ ቤቱን ለምን አልለቅም እንዳለ ለራሷም መግባት አለበት፣ አለበለዚያ እናቴ አትለቃትም። እናንተ አትግቡ። ቡናችሁን ጠጡ።

«አፕ»ን ያየን ቀን በረካው እየተቀዳ ነበር። ካርል ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። እናቴ ስኒዋን እንደያዘች ቆየችና «ምን አለ ይሄ ሰውዬ፣ ቡና የሚጠራው ጎረቤት የለውም?» አለች። ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «እማማ ትጥራው!»