ስለ ዓይን፣ ምላስና አፍንጫችን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከጣና ዳር

ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ጊዜ ባይኖረው እንኳ ጢስ ዓባይን ያያል፣ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ይሻገራል፣ ዓሣ ይበላል። ስሜት ሕዋሳቶቻችን እንዴት እንደሚሠሩ ለመረዳት እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ዓይን ብርሃን ይቀበላል፣ ምላስና አፍንጫ ኬሚካል ይለያሉ፣ ከዚያ መልእክቱን ወደ አንጎል ይልካሉ። «አየሁ»፣ «ቀመስኩ» የምንለው ነገር ግን የሚሰናዳው አንጎል ውስጥ ነው። ይህን ስለምንዘነጋ ብዙ እንሳሳታለን። አንዳንዱ ስህተት ደስታችንን ብቻ ይቀንሳል። አንዳንዱ ሕይወት ያስከፍላል።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብሎ መከራከር

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ሞልቶ ሳለ ሂዱ፤ በበጋ ብዙው ውሃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ፊት ለፊት ቁሙ። ከሚወርደው ውሃ መሐል አንድ ቦታ ምረጡና ዓይናችሁን ሳታዞሩ አንድ ደቂቃ ያህል እዩት። ከዚያ ድንገት ወደ ጎን፣ ወደ ድንጋዩና ወደ ሣሩ ተመልከቱ። ድንጋዩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል!

ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1834 ስኮትላንድ ውስጥ ፎየርስ በተባለ ፏፏቴ ይህንኑ አይቶ ጽፎታል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ ወደ ታች ለሚሄድ ነገር የሚነቁ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ወደ ላይ ለሚሄድ ደግሞ ሌሎች። የቆመ ነገር ስናይ ሁለቱ ወገኖች እኩል ስለሆኑ «ቆሟል» እንላለን። የሚወርድ ውሃ ላይ አፍጥጠን ስንቆይ ግን የመጀመሪያዎቹ ይደክማሉ። ዓይናችንን ወደ ድንጋዩ ስንመልስ ያልደከሙት ያይላሉ፤ አንጎልም «እየወጣ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ድንጋዩ እየሄደ ቦታውን አለመልቀቁ ነው። አንጎል እንቅስቃሴን በአንድ መንገድ፣ ቦታን በሌላ መንገድ ስለሚያሰላ ሁለቱ ሒሳቦች ሳይስማሙ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አይተው የተለያየ ሲናገሩ አንዱ የግድ ውሸታም ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

ጨለማውን ሳይለምዱ ተመልሶ መውጣት

ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚገባ ሰው ከጠራራ ፀሐይ ወደ ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚገባው። መጀመሪያ የግድግዳው ሥዕል ጥላ ብቻ ይመስላል። አንዳንዱ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ያበራል። ይህ ራሱ ዓይኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ዓይን ደብዛዛ ብርሃንን መልመድ የሚጀምረው ቶሎ ነው፤ ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ትንሽ ቁሙ። ሥዕሉ ራሱ ይወጣላችኋል።

ለሚጥሚጣ ውሃ መጠጣት

ማቃጠል ጣዕም አይደለም። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው ትኩስ ነገር የሚለዩትን ነርቮች ነው። እነዚያ ነርቮች የሚነቁት ሙቀት 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሚጥሚጣው ቀዝቃዛ ቢሆንም አንጎል የሚደርሰው መልእክት «እሳት» የሚል ነው። ነርቮቹ ላይ ካፕሳይሲን የሚነካውን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው የተመራማሪዎች ቡድን መሪ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ዓሣውን በሚጥሚጣ በልታችሁ አፋችሁ ሲነድ ውሃውን ተዉትና ወተት ወይም እርጎ ጠጡ።

«ጣፋጭ በምላስ ጫፍ፣ መራራ በምላስ ሥር ነው» የሚለውንም እርሱት። ጣዕም መለየት የሚችል የምላስ ክፍል ሁሉ ሁሉንም ጣዕሞች ይለያል። ጉንፋን ሲይዛችሁ የዘጌ ቡና ለምን ሙቅ መራራ ውሃ ብቻ እንደሚሆን አስቡት። ምላሳችሁ ደህና ነው። የጠፋው ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው መዓዛ ነው።

«አሁን አይሸትም» ብሎ መተማመን

ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ስትደርሱ ሽታው ይቀበላችኋል። ጥቂት ከቆያችሁ ይጠፋል። ዓሣው ግን እዚያው ነው። አንጎል ያልተለወጠ ነገርን «አዲስ አይደለም» ብሎ ይተወዋል።

ከዚህ ጋር የከሰል ጉዳይ አለ፤ እባካችሁ ይህን በደንብ አንብቡ። ብርድ ሲሆን ማንደጃ ይዞ መኝታ ቤት የሚገባ አለ። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃም ፍሙ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ጭሱ ስላለፈና ሽታው ስለጠፋ «ነዶ ጨርሷል፣ ችግር የለውም» ይባላል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ከመነሻው አፍንጫችን ሊያውቀው አይችልም። ራስ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ ሌላውንም አውጡ፣ ወደ ሕክምና ሂዱ። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ፍም ይዛችሁ በዘጋችሁት ክፍል አትተኙ።

ጀልባ ላይ ስልክ ላይ ማቀርቀር

ማዕበል ሲነሳ ውስጠኛው ጆሮ «እየተንገላታን ነው» ይላል፤ ስልክ ላይ ያለ ዓይን ደግሞ «ምንም የለም» ይላል። ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ ግጭት ነው። ቀና ብላችሁ ራቅ ያለውን ዳርቻ እዩ።

«አይቼ ነው የገባሁት» ማለት

የባሕር ዳር መንገድ ብስክሌትና ባጃጅ ይበዛበታል። ሾፌር ወደ ብስክሌተኛው ዞሮ እያየ ላያየው ይችላል። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ሰዎች ቪዲዮ እያዩ የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ተደረገ። በመሐል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው አለፈ። ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ዓይናቸው ሳይሆን ትኩረታቸው ተይዞ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም ከዚህ አያድንም፤ ወሬው ራሱ ትኩረት ይወስዳል። መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ ወሬውን አቁሙ። መኪና መኖሩን ብቻ አትዩ፤ «ብስክሌት አለ?» ብላችሁ ፈልጉ። አንጎል የሚፈልገውን ነገር ቶሎ ያገኛል።