ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ፦ የሰውነትን ቀዳሚ መከላከያ ማገዝና ምልክቱን ማንበብ

ቆዳ በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ ዙሪያው መቅላት፣ መሞቅና ማበጥ ይጀምራል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ «አመረቀዘ» ብለው ይደነግጣሉ፤ ያገኙትንም ሁሉ ይቀቡበታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግን መጠነኛ መቅላትና እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሯዊው የመከላከል ሥርዓት ሥራውን መጀመሩን ነው የሚያሳየው። የእርስዎ ድርሻ ሥራውን ማቅለልና ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ለይቶ ማወቅ ነው።

ከቆዳ ሥር ማክሮፋጅና ማስት ሴል የሚባሉ ሴሎች ዘወትር ዘብ ቆመዋል። እያንዳንዱን ጀርም ለይተው አያውቁትም። ብዙ ባክቴሪያዎች የሚጋሩትን፣ በሰው ሴል ላይ ግን የማይገኘውን ነገር፣ ለምሳሌ የግድግዳቸውን ስብርባሪ፣ በተቀባይ ፕሮቲኖቻቸው አማካይነት ይለያሉ። ከተጎዳ የራሳችን ሴል የሚፈሰውም ነገር ስለሚያነቃቸው ጀርም ያልገባበት ቁስልም ይቀላል። ከማስት ሴል የሚለቀቀው ሂስታሚን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽም እንዲያሳልፉ ያደርጋል፤ መቅላቱና ሙቀቱ ከደሙ፣ እብጠቱ ከፈሳሹ ነው። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። ባክቴሪያውን ውጠው ይገድላሉ፣ ራሳቸውም እዚያው ይሞታሉ፤ መግል በአብዛኛው የእነሱ ቅሪት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ማክሮፋጆች በብዛት መጥተው ይረከባሉ፣ ቅሪቱንም ይጠርጋሉ።

እጅዎን ታጥበው ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑት። በየመሃሉ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ይነቅላል። ደሙ ሲቆም ለመጠጥ በሚሆን ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እያፈሰሱ ይጠቡት፤ ሳሙናው ለዙሪያው ይሁን። አሸዋም ሆነ ስንጣሪ አይቅር፤ ባዕድ ነገር ባለበት ኒውትሮፊሎች ባክቴሪያውን ለመዋጥ ስለሚቸገሩ ቁስሉን ለማመርቀዝ ጥቂት ባክቴሪያ ይበቃል። ጠልቆ የተሰካውን ግን ሐኪም ያውጣው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስሉ ውስጥ አያፍስሱ፤ ቁስሉን የሚጠግኑትንም ሴሎች ይጎዳሉ። ስስ ቫዝሊን ቀብተው ይሸፍኑት፣ በየቀኑና በረጠበ ቁጥር ይቀይሩት።

የእንስሳ ንክሻ ከሆነ ራሱን ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያውኑ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለነገ አይባልም። ለቆሸሸ ወይም ለጠለቀ ቁስል፣ የመጨረሻው የቴታነስ ክትባት 5 ዓመት ካለፈው መድገም ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ ክትትል ነው። የመቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ ያስምሩ፣ ሰዓቱንም ይጻፉበት። ከ48 ሰዓት በኋላ መቅላቱም ሕመሙም እየቀነሰ መሄድ አለበት። መቅላቱ መስመሩን ካለፈ፣ ሕመሙ ከባሰ፣ ወፍራም መግል ከመጣ፣ ወይም ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ብብት ወይም ወደ ብሽሽት የሚያመራ ቀይ ሰንበር ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት ሊያመልጥ ይችላል፤ በዓይን ብቻ አይተማመኑ። በእጅዎ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላኛው እጅ ወይም እግር ጋር ያነጻጽሩ፤ መስመሩንም እብጠቱ ጠጠር ብሎ የሚያልቅበትን በጣት እየዳሰሱ ያስምሩ።

ማክሮፋጆች የሚለቋቸው ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኞች በደም በኩል አንጎልን ሲቀሰቅሱ ትኩሳት ይመጣል። ስለዚህ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ ከቁስሉ አልፏል ማለት ነው። ፈጣን ትንፋሽ፣ ግራ መጋባት ወይም የሚያንዘፈዝፍ ብርድ ካለ፣ ትኩሳት ባይኖርም እንኳ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንዳንድ ሰው ላይ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል፤ ይህ ከሁሉ የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል። ኬሞቴራፒ የተባለው የካንሰር ሕክምና ኒውትሮፊሎቹን ያሳነሰበት ሰው መግልም እብጠትም ላይኖረው ይችላል፤ ለእሱ 38 ዲግሪ ብቻውን አስቸኳይ ነው። ስቴሮይድ የተባሉት የመከላከል ሥርዓቱን የሚያቀዘቅዙ መድኃኒቶች እብጠቱንና ትኩሳቱን ይደብቃሉ። ስኳሩ ከፍ ባለ ሰው ኒውትሮፊሎች ይደክማሉ፤ የእግሩ ነርቭ ከደነዘዘም ሕመሙ አይሰማውም፤ እግሩን በየቀኑ፣ በጣቶቹ መካከልና ከሥሩ ጭምር ማየት አለበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፤ ትኩሳትን ስለሚያበርድ ግን ከመዋጥዎ በፊት ሙቀትዎን ይለኩ።