መመሪያ የሌለው አዲስ የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ሥራው ምን እንደሆነ የሚለይበት መንገድ

ለቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ የሚሠሩ አዳዲስ የማጣሪያ መሣሪያዎች ማሸጊያቸው ላይ የሚነበበው ብዙ ጊዜ «ውኃን ያጠራል» ወይም «ገንዳን ጤናማ ያደርጋል» ከሚል አያልፍም። ይህ ለብዙ የተለያዩ ሥራዎች ሊነገር የሚችል ቃል ነው፤ የጠራ ውኃ ሁሉ ደግሞ ለዓሣ ደኅና አይደለም። ዓሣ የሚገድል መጠን ያለው አሞኒያ የያዘ ውኃ ምንም ጉድፍ ሳይታይበት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው የሚሠራው ሥራ በውል ሳይታወቅ ወደ ገንዳው መግባት የለበትም፤ ግምቱ የተሳሳተ እንደሆነ የሚጎዱት ዓሦቹ ናቸውና።

አስተማማኙ መንገድ ስሙንና ማስታወቂያውን ወደ ጎን ትቶ ውኃውን መከተል ነው። ውኃው በየት ይገባል? ውስጥ ከምን ጋር ይገናኛል? ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? በየት ይወጣል? ከእነዚህ ሁሉ በላይ እኔ የምተማመንበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ከውኃው የተወሰደው ነገር የት ይከማቻል? አንድን ነገር ከውኃ ውስጥ የሚያስወግድ መሣሪያ ያስወገደውን የሚያኖርበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያ ቦታ ሊከፈት፣ ሊታጠብ ወይም ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለው መሣሪያው ውኃውን ያንቀሳቅሳል፣ ይለውጣል ወይም አንድ ነገር ይጨምርበታል እንጂ ቆሻሻ አያወጣም።

ለመለየት የሚፈለጉት ሥራዎች አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው የምግብ ፍርፋሪን፣ የዓሣ ዐይነ ምድርንና የተበጣጠሰ ቅጠልን አግቶ መያዝ ነው። ሁለተኛው ሕይወት ባላቸው ነገሮች የሚፈጸም ነው፤ ዓሦች በአብዛኛው በስንጥባቸው የሚያስወጡትን አሞኒያ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ በእጅጉ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ለውጥ ለረጅም ጊዜ የሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ቅብብል እንደሆነ ብቻ ሲታሰብ ቆይቶ፣ ሁለቱንም እርከን ብቻውን የሚፈጽም የኒትሮስፓይራ ዓይነት መኖሩ በ2015 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ሦስተኛው ሥራ በውኃው ውስጥ የሟሙ ነገሮችን እንደ ካርቦን ባሉ ቁሶች ስቦ ማስቀረት ነው። ከእነዚህ ውጭ ጀርም የሚገድሉ፣ አረፋ እያስነሡ ቅባትና ፕሮቲን የሚያወጡ፣ አልጌ የሚያበቅሉ፣ ጋዝ ወይም ማዕድን ወደ ውኃው የሚጨምሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ከማጣሪያ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ ብዙዎች ሁሉንም ማጣሪያ ብለው ይጠሯቸዋል።

ምርመራው የሚጀመረው ከቀዳዳዎቹ ነው። ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ፤ ስፋታቸውንም ይለኩ። ውስጣዊ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ የሚቀበል ጫፍ ብዙ ጊዜ የአየር ወይም የጋዝ መግቢያ ነው፤ 12 ወይም 16 ሚሊሜትር የሚሆነው የውኃ ነው። የአየር መግቢያ ብቻ ያለው፣ ከላዩ ቀጥ ያለ ቧንቧ የቆመበት ስፖንጅ፣ ወደ ላይ የሚወጣው አረፋ ውኃውን በስፖንጁ በኩል እየሳበ የሚያሳልፍበት ማጣሪያ ነው። ቀለል ያለ ቢመስልም ቆሻሻ የማገትንም የባክቴሪያ ማደሪያ የመሆንንም ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ ጫጩት ዓሦችን ስቦ ስለማያስገባም ለማራቢያ ገንዳ ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። የውኃ መግቢያና መውጫ እንዲሁም ሦስተኛ የአየር መግቢያ ያለው፣ ከላይ እየጠበበ የሚሄድ አንገትና በአንገቱ ላይ የሚነሣ ኩባያ ያለበት መሣሪያ ደግሞ አረፋ አስነሺ ነው። ደቃቅ አረፋዎች በላያቸው የሚጣበቁትን ቅባትና ፕሮቲን ይዘው ወደ ኩባያው ይወጣሉ። ይህ መሣሪያ በጨው ውኃ ገንዳ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በጨው አልባ ውኃ ግን አረፋው በሚገባ ስለማይደቅና ስለማይጸና እምብዛም አይሠራም። ገንዳዎ የወንዝ ወይም የሐይቅ ዓሦች የሚኖሩበት ከሆነ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሥራ ላይ ለማዋል መድከም አያስፈልግም።

ቀጭን የጋዝ መግቢያ፣ የጋዝ አረፋ የሚቆጠርበት ትንሽ ብርጭቆና አየር የማያስወጣ ክዳን በአንድነት ሲገኙ ነገሩ ማጣሪያ አለመሆኑን መጠርጠር ይገባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውኃ ዕፅዋት የሚያሟሟ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በውስጡ ነጭ የዛጎልና የኮራል ስብርባሪ ካለ፣ ለኮራል ገንዳ ካልሲየም የሚያሟሟ ነው። ሁለቱም ውኃውን ወደ አሲድነት ስለሚወስዱ በማጣሪያ ስም ቢገጠሙ ጉዳት ያደርሳሉ።

ቀጥሎ የሚታየው መሣሪያው ብርሃን ያስገባ እንደሆነ ነው። ፍጹም ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ቱቦ፣ በውስጡ ቀጭን የመስታወት እጅጌ፣ ለብቻው የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድና በዋት የተገለጸ ኃይል ካለው የአልትራቫዮሌት መብራት ነው ማለት ይቻላል። እነዚህ መብራቶች 254 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ጨረር በአጠገባቸው የሚያልፉትን ባክቴሪያዎችና ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉ ተንሳፋፊ አልጌዎች ይገድላሉ፤ በዓሣው አካል ላይ የተጣበቀውን ተባይ ወይም በመስታወቱ ላይ የበቀለውን አልጌ ግን አይነኩም። ጨረሩ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከፍቶ እያበሩ ማየት ፈጽሞ አይገባም፤ ለመፈተሽ የሚፈልግ ሰው ገመዱን ነቅሎ ይክፈተው። በተቃራኒው ግድግዳው ጥርት ያለ፣ በውስጡ ሸካራ መረብ የተዘረጋበትና በቅርቡ ብርቱ መብራት የተገጠመለት ከሆነ ሆን ተብሎ አልጌ የሚበቅልበት ነው፤ አልጌው ናይትሬትንና ፎስፌትን እየተመገበ ያድጋል፤ በየጊዜው ተፍቆ ሲጣል ናይትሬቱና ፎስፌቱ አብረውት ከገንዳው ይወጣሉ።

መሣሪያው ከሙሌቱ ጋር የመጣ እንደሆነ ሙሌቱ ብዙ ይናገራል። ስፖንጅና የጥጥ ምንጣፍ ቆሻሻ ያግታሉ። ብዙ ደቃቅ ቀዳዳ ያላቸው የሴራሚክ ቀለበቶችና ሾህ የመሰለ ቅርጽ ያላቸው የፕላስቲክ ኳሶች የባክቴሪያ ማደሪያ ናቸው። ጥቁር ፍሬ ካርቦን ነው፤ ቀለምን፣ ሽታንና የመድኃኒት ቅሪትን ይስባል፤ አሞኒያንና ናይትሬትን ግን በቁም ነገር አይቀንስም፤ ዓሦች በመድኃኒት ላይ ሳሉ መነሣት ያለበትም መድኃኒቱን ስለሚወስድ ነው። ቀይ ቡናማ ደቃቅ ፍሬ የብረት ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ፎስፌትን መያዝ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ድንጋይ የሚመስል ፍሬ ዚዮላይት ከሆነ በጨው አልባ ውኃ አሞኒያን ይይዛል፤ ጨው ሲገባበት ግን የያዘውን መልሶ ይለቅቃል። ስለዚህ ለሕክምና ብለው ጨው የሚጨምሩ ሰዎች ዚዮላይቱን አስቀድመው ማውጣት ይኖርባቸዋል። የሙሌቱ አቀማመጥም ማስረጃ ነው፤ ውኃው መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ ደቃቁን ስፖንጅ፣ በመጨረሻም ሴራሚኩን ካገኘ የተሟላ ማጣሪያ ነው። ቅርጫት የሌለው፣ ረጅምና ጠባብ፣ ውኃው ከታች የሚገባበት ዕቃ ግን ፍሬዎቹ በውኃው ግፊት እየተገላበጡ እንዲሠሩ የተዘጋጀ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው በዓይን የሚገኝ ነው። ነገሩን የሚቆርጠው ግን ልኬት ነው፤ ለዚህም ከባልዲና ከሰዓት የበለጠ አያስፈልግም። መሣሪያውን ንጹሕ ውኃ በተሞላ ትልቅ ባልዲ ወይም ሳፋ ውስጥ ያስገቡት፤ ሙሉ በሙሉ ውኃ ሳይሞላ አያስነሡት፤ ፓምፑ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውኃው ነውና። መውጫውን 10 ሊትር ወደሚይዝ ሌላ ባልዲ አዙረው ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ይመዝግቡ፤ መሣሪያው ውኃ የሚስብበትን ባልዲ ሌላ ሰው ውኃ እየጨመረ ቢጠብቀው ፓምፑ አየር አይስብም። 10 ሊትሩን ለመሙላት 30 ሴኮንድ ከፈጀ በሰዓት 1200 ሊትር ማለት ነው። ቀጥሎ የመሣሪያው ሆድ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይለኩ። 2 ሊትር የሚይዝ ቢሆን፣ በሰዓት 1200 ሊትር ሲያልፍበት ውኃው በውስጡ የሚቆየው 6 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ይህ የቆይታ ጊዜ በእኔ አስተያየት ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ የመሣሪያውን ሥራ ይገልጣል። ቆሻሻ ለማገትና አሞኒያ ለመለወጥ ፈጣን ፍሰት ይስማማል፤ አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉና። በአሞኒያ መልክ ያለን 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን እስከ ናይትሬት ለማድረስ 4.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይጠፋል። በልምድ እንደሚነገረው ዋናው ማጣሪያ የገንዳውን ውኃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቢያዞር ለአብዛኞቹ ገንዳዎች ይበቃል። አንጻሩን እንይ፤ ያው 2 ሊትር የሚይዘው ሆድ በሰዓት 3 ሊትር ብቻ የሚያሳልፍ ጥብቅ ቫልቭ ቢኖረው ውኃው 40 ደቂቃ ይቆያል። እንዲህ ያለው ዝግታ ለቆሻሻ ማገቻ ትርጉም የለውም። ኦክስጅን በውስጡ እንዲያልቅና ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች እንዲሠሩ የታሰበ ነው። ፍሰቱ ከመጠን በላይ ሲዘገይ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊፈጠር ስለሚችል፣ የዚህን መሣሪያ ፍሰት የሚመራ ሰው ሽታውን ቸል ሊለው አይገባም። የአልትራቫዮሌት መብራትም እንዲሁ በዝግታ ነው የሚሠራው፤ ውኃው ሲፈጥንበት ጀርሙ በቂ ጨረር ሳያገኝ ያመልጣል።

ግምትዎ ከአንድ ሥራ ላይ ካረፈ በኋላ በባልዲው ውስጥ እያለ ያረጋግጡት። ካርቦን ነው ያሉት ከሆነ ሻይ የመሰለ ቡናማ ቀለም ያለው ውኃ፣ ለምሳሌ እንጨት የተነከረበት፣ ሲያልፍበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መንጣት አለበት። አሞኒያ ይስባል ያሉት ከሆነ በመመርመሪያ ጠብታ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ይለኩ። የባክቴሪያ ማደሪያ ነው ያሉት ግን በአንድ ቀን ምንም ለውጥ አያሳይም፤ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ይህ መዘግየት ራሱ ማስረጃ ነው፤ ወዲያው የሚሠራ ስቦ የሚያስቀር ነው፤ ቀስ በቀስ የሚጠነክር ሕያው ነው። ስቦ የሚያስቀረው በሚሞላበት ጊዜ መለወጥ ይፈልጋል፤ ሕያው የሆነው ግን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በርጋታ ይታጠባል እንጂ በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላልና።

በገንዳው ላይ ሲገጥሙት አሮጌውን ማጣሪያ አያንሡት። ሁለቱ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አብረው ይሥሩ፤ በዚህ ጊዜ አሞኒያና ናይትራይት በየጥቂት ቀናት ይለኩ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ የሚመለስ ኩርባ ይኑረው፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ዘንድ ሳይደርስ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። የአየር ፓምፕ ከገንዳው የውኃ ወለል በታች የሚቀመጥ ከሆነ በቱቦው መካከል ውኃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ያስገቡ፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ውኃው በቱቦው ወርዶ ፓምፑን እንዳያጥለቀልቀው። ኦዞን የሚያመነጭ መሣሪያ መሆኑን ከተጠራጠሩ፣ ማለትም ደረቅ አየር እየሳበ ሹል ሽታ የሚያወጣ ከሆነ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያብሩት፤ ለሳንባ ጎጂ ነው። የመዳብ ክፍል ያለበትንም ሽሪምፕ ወይም ቀንድ አውጣ ወዳለበት ገንዳ አያስገቡ፤ ጥቂት መዳብ ለእነርሱ መርዝ ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ መሣሪያው መሥራት ከጀመረ በኋላ በየሳምንቱ የመውጫውን ፍሰት እንደገና በባልዲ ይለኩ። ፍሰቱ ከመጀመሪያው ልኬት በግልጽ ሲቀንስ ሙሌቱ ወይም የፓምፑ መዘውር ቆሻሻ ይዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ክፍሎቹን ፈትተው ያጽዱ፤ የክዳኑ የጎማ ቀለበትም ሳይጣመም ወደ ቦታው መመለሱን ያረጋግጡ።