ጎንበስ ሲሉ የሚወልቅ ሄልሜት፦ ዛፍ ለሚከረክሙ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ የሚከረከም ዛፍ አይጠፋም፤ ከሐይቁ ዳር ዋርካ እስከ ጓሮ አቮካዶ ሥራ ሞልቷል። ሄልሜታችን ግን ብዙውን ጊዜ ከግንባታ ቦታ የተረፈ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ የምሰማው ቅሬታ አብዛኛው ከዚያ ይመነጫል።

ጎንበስ ስል ይወልቃል

የአገጭ ማሰሪያውን ሳያስሩ ከኋላ ያለውን ማጥበቂያ ያጥብቁና ጎንበስ ብለው ራስዎን ይነቅንቁ። ከወደቀ ወይ ልክዎ አይደለም፣ ወይ የማጥበቂያው ጥርስ አልቋል። ካልወደቀ ግን ጥያቄው ወደ አገጭ ማሰሪያው ይዞራል።

በአውሮፓ መለኪያ ቁጥር 397 የተሠራ የግንባታ ሄልሜት ማሰሪያው ከ150 እስከ 250 ኒውተን በሚደርስ ጉተታ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው። ከ15 እስከ 25 ኪሎ የሚሆን ሸክም ሲንጠለጠልበት እንደማለት ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ሄልሜቱ አንድ ነገር ላይ ቢያዝበት እንዳይታነቅ ታስቦ ነው። ዛፍ ላይ ያለው ግን በገመዱ ተወዛውዞ ከግንድ ጋር ቢጋጭ የመጀመሪያው ምት ሄልሜቱን ያስወልቀዋል፣ ሁለተኛው ባዶ ራሱን ያገኘዋል። የተራራ ወጪዎች መለኪያ፣ ቁጥር 12492፣ ማሰሪያው ቢያንስ 500 ኒውተን እንዲችል ይጠይቃል። ለሚወጣው ሰው ይህ ይገዛ፤ ከታች ቅርንጫፍ ለሚሰበስበው 397 ይበቃዋል። ቁጥሩ ከውስጥ በኩል ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለዎት ገልብጠው ያንብቡ።

እኔ ይህን የተማርኩት ሄልሜቴ ከአቮካዶ ላይ ወልቆ ረዳቴ ትከሻ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ባዶ ራስዎን ቢወጡ ለእኔ ይሻለኝ ነበር» አለኝ።

አዲስ ብዬ ገዛሁት፣ ግን ነጣ፣ ተሰነጠቀ

ምናልባት አዲስ አልነበረም። ከውስጥ ክብ የሰዓት ገጽ የሚመስል ምልክት ይፈልጉ፤ መካከል ላይ ያለው ቁጥር ዓመቱን፣ ቀስቱ ወሩን ያሳያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። «18» የሚለውን አይቶ የ2018 ዓ.ም. ምርት ነው ብሎ የገዛ ሰው፣ በእጁ የያዘው በእኛ 2010 ወይም 2011 የተመረተ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ነው። ፕላስቲክን ታደርቃለች፤ እኛ ደግሞ ሄልሜቱን ከባጃጁ መስታወት ሥር ጥለነው እንውላለን። የነጣ፣ የተሰነጠቀ ወይም ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜት አይጠገንም፤ ይጣል። ቀለም መቀባትም መፍትሄ አይደለም፤ በቀለም ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፕላስቲኩን ሊያዳክም ይችላል፣ ስንጥቁንም ይደብቃል።

ግንባሬን ይወጋኛል፣ ራሴን ያመኛል

አንዳንዴ ከሄልሜቱ የውጭ ቅርፊት ጋር የሚያያዙት የውስጥ ማሰሪያዎች አንዱ ከቦታው ወጥቷል። ብዙ ጊዜ ግን ከሥር ወፍራም ኮፍያ ተደርጓል። ኮፍያውን ያውልቁ፣ ማሰሪያዎቹን ይመልሱ። በራስና በቅርፊቱ መካከል ያለው ክፍተት ምቱን የሚበላው ቦታ ስለሆነ ብር ወይም ስልክ አይቀመጥበትም።

የሞተር ሳይክል ሄልሜት ባደርግስ?

ይሞቃል፣ ይከብዳል፤ ከሁሉም በላይ ከታች «ተጠንቀቅ!» ሲባል አያሰማም። አይሆንም።

ማታ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ዓይኔ ይቆረቁራል

የሞተር መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ሄልሜት ሲገዙ የጆሮ መከላከያ የሚሰካበት ቀዳዳ በሁለቱም ጎን መኖሩን ይመልከቱ። ከሄልሜቱ ፊት ለፊት የሚሰካው የወንፊት መከለያ ፍልጥና ስንጣሪን ያግዳል እንጂ ደቃቁ ሰጋቱራ ያልፈዋል፤ ከሥሩ የመከላከያ መነጽር ያድርጉ።

ዛፉ የመብራት ሽቦ ይነካል

የአየር ቀዳዳ ያለው ሄልሜት ለኤሌክትሪክ አይሆንም። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ተብሎ የተሠራውም፣ መለኪያው 50365 ቢሆን እንኳ፣ ለዝቅተኛ ኃይል መስመር ብቻ ነው፤ እጅዎንና መጋዝዎን ደግሞ አይሸፍንም። መስመሩ በመብራት ኃይል ሠራተኞች ሳይቋረጥ አይውጡ።

አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ኩሱን ጣለበት

ሐይቁ ዳር ሲሠራ የማይቀር ነው። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡት እንጂ ቤንዚን አይንካው፤ ጥላ ውስጥ ያድርቁት።